የሦስተኛው ቀን ቅጠል

ማስተርስ ሳልሠራ ዶክትሬት የገባሁ ሰው ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ «ጎበዝ ነሽ ማለት ነው» ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ፈገግ እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል፤ ይምሰላቸው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ መንገድ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በማዕረግ የጨረሰ ተማሪ አንድ አዲስ ነገር አግኝቶ ካሳየ፣ አስተማሪውም ከፈረመለት፣ ማስተርሱን ዘሎ በቀጥታ ዶክትሬት ይገባል። ለአንድ አስተማሪ በሦስት ዓመት የምትደርሰው የነፃ ትምህርት ወንበር አንዲት ብቻ ናት። የዘለለ ሰው ግን እንዲሁ አይታለፍም፤ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ መርማሪዎች ፊት ይቆማል። ከወደቀ ወደ ዘለለው ማስተርስ ይወርዳል፣ ወንበሯንም ይለቃል።

የእኔ ፈተና የተቀጠረው የታይላንድ አዲስ ዓመታችን ሶንግክራን ባለፈ በሳምንቱ ነበር። ከበዓሉ በፊት አስተማሪዬ አጃን ሱራንግ ቢሯቸው ጠሩኝ፤ መምህርን «አጃን» ነው የምንለው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው።

«ፋይ፣ ቁጭ በይ። ከባንኮክ የሚመጡትን መርማሪ፣ አጃን ዊራትን ታውቂያቸዋለሽ?»

«በስም ነው የማውቃቸው፣ አጃን።»

«ቀላል ሰው አይደሉም። የሐር ትል ቤቱን መዝገብ አስልከው አንድም ገጽ ሳይቀራቸው አንብበውታል። ስለ ሦስተኛው ቀን ነው የሚጠይቁሽ።»

«ሦስተኛው ቀን?»

«‹አራተኛ ሰፌድ፣ ቅጠል ተቀየረ› ብለሽ ጽፈሻል። ለምን እንደቀየርሽው ግን አልጻፍሽም። እኔም ጠይቄሽ አላውቅም፤ የገዛ ሥራሽ ነው፣ ምን ይጠፋሻል ብዬ።»

«እሺ አጃን» አልኩና እጆቼን ደረቴ ላይ ገጥሜ ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ።

ለምን እንደተቀየረ አላውቅም ነበር። ቅጠሉን የቀየርኩት እኔ አልነበርኩማ።

የምንሠራው ጉሎ ቅጠል በሚበላው የሐር ትል ላይ ነው። በቀርከሃ ሰፌድ ላይ እናረባዋለን። ስሜ ፋይ ማለት ጥጥ ስለሆነ፣ የዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ትል ቤት የገባሁ ዕለት ፒ ቻባ «እሰይ፣ ሐር ቤት ጥጥ መጣብን» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ። ታላቃችንን ፒ ነው የምንለው፣ ታናሻችንን ኖንግ። ቻባ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ያኔ ማስተርሷን ስትሠራ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። እንግሊዝኛ እየጎተታት ነው እንጂ እጇንስ የሚስተካከል አልነበረም። እናቷ መንደር ውስጥ ትል የሚያረቡ ሴት ስለሆኑ፣ እኛ ከመጽሐፍ የምናነበውን እሷ ከጡት ጋር ጠብታዋለች። ትል በላባ ማንሳትን፣ ቅጠል አጥቦ ማድረቅን፣ የታመመ ሰፌድን በሽታው መለየትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማስተርሷን ስትጨርስ በዚያች በአንዲቷ ወንበር ዶክትሬት መቀጠል እንደምትፈልግም ትል ቤት ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

ሶንግክራን ሲመጣ ሁሉም ወላጆቹ እጅ ላይ ውኃ አፍስሶ ይቅርታና ምርቃት ለመቀበል ወደ አገሩ ይገባል፤ ከተማ የቀረው በየመንገዱ ውኃ ይራጫል። ሚያዝያ ነው፣ የክልላችን የኢሳን ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ትሉ ደግሞ በዓል አያውቅም፣ ይበላል። ስለዚህ በልማዳችን የሁሉ ታናሽ የሆነው ይቀራል። በዚያ ዓመት ታናሿ እኔ ነበርኩ፣ ቤታችንም እዚያው ከተማ ነው።

ቻባ ቁልፉን እየሰጠችኝ፣ «በቀን አራት ጊዜ ቅጠል፣ ወለሉ ላይ ውኃ፣ መዝገቡ ላይ ፊርማ። እንዳትተያቸው» አለችኝ።

«ፒ ቻባ፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ።»

«ልጅማ ብትሆኚ ኖሮ መች አስቸገርሽኝ።»

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አበላኋቸው። ረፋዱ ላይ ጓደኞቼ በርሜል ውኃ የጫነች ፒክአፕ ይዘው በሩ ላይ መጡ። ለአንድ ሰዓት ብዬ ተሳፈርኩ። አራት ቀን ቆየሁ። እዚህ ላይ ሰበብ ብፈጥር ደስ ባለኝ፤ አያቴ አልታመመችም፣ ማንም አልሞተብኝም። ሰው ላይ ውኃ ስረጭ፣ ስጨፍር፣ ስበላ ነው የቆየሁት። ትሎቹ ትዝ ባሉኝ ቁጥር «አሁን እሄዳለሁ» እላለሁ፤ ከሁለተኛው ቀን ወዲያ ደግሞ ሞተዋል ብዬ ስለማስብ ለማየት ፈራሁ።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ቻባ ደወለችልኝ።

«ትሎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው!» ብዬ በሙዚቃው መሃል ጮህኩ።

«እሺ። ልብስሽን ቀይሪ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ዘጋችው። ውኃው ሲረጭ፣ ሰው ሲስቅ ሰምታለች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተመለስኩ። ከአሥራ ሁለቱ ሰፌዶች አሥራ አንዱ ተጠርገው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። አራተኛው ሰፌድ ላይ ትል ሞልቷል፤ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ ቅጠሉን እያንኮሻኮሸ ይበላል። ቻባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። መዝገቡን ገፋ አደረገችልኝ። የአራቱም ቀን ሙቀትና ቅጠል ተጽፏል። ፊርማው «ፋይ» ይላል፤ የእኔን ክብ ክብ ፊደል አስመስላ ነው የጻፈችው።

«ፒ ቻባ፣ እኔ...»

«ሂጂ ታጠቢ። አጃን ነገ ይገባሉ። የነበርሽው አንቺ ነሽ።»

«ይሄ እኮ...»

«ኖንጌ አይደለሽ? በቃ።»

ከቁጣ ልታድነኝ ነው ያደረገችው። ታላቅ ለታናሹ እንዲህ ይሸፍናል፤ እኛ ዘንድ ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። አጃን ሱራንግ ግን በማግሥቱ መዝገቡን አንብበው ሰፌዱን ሲያዩ አልተቆጡም፤ ዓይናቸው አበራ። አርባ ሁለት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ የተረፈ ትል ማለት ለእሳቸው የሃያ ዓመት ሕልም ነው። ሁሉንም ሰብስበው «እዩአት፣ ገና ዲግሪዋን ያልያዘች ልጅ» አሉ። እኔ ቻባን አየሁ። ቻባ አጨበጨበች። እሷ ስታጨበጭብ ሌሎቹም ተከተሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ያን ጊዜ አንድ ቁጣ ብቻ ነበር የሚያስከፍለኝ፤ ማግሥቱን ሁለት፣ ወር ሲሞላ መላ ሕይወቴን። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔው ነቅዟል። ከሦስት ወር በኋላ አጃን ስሜን ለወንበሯ አቀረቡ። ቻባ በዚያው ዓመት ማስተርሷን ጨርሳ መንደሯ ገባች፣ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ስንሸኛት ከሁሉም የበለጠውን አበባ የገዛሁላት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የአራተኛውን ሰፌድ ዘር ሳረባ ኖርኩ። መዘንኩ፣ ለካሁ፣ ሙቀት መቻሉን አረጋገጥኩ። መጀመሪያውኑ ለምን እነዚያ ትሎች እዚያ ሰፌድ ላይ እንደተለዩ፣ ቅጠላቸውም ለምን እንደተቀየረ ግን አላውቅም። ቻባን ብጠይቃት በነገረችኝ። መጠየቅ ማለት ግን ነገሩን ማንሳት ነበርና ሸሸሁት።

አሁን መሸሻ አጣሁ። በሶንግክራን ሁለተኛ ቀን ወደ እነ ቻባ መንደር ሄድኩ። መለመኔ እንደሆነ እያወቅኩ ለራሴ ጥየቃ ነው አልኩት።

እናቷ እማማ ቡንማ ደጃፍ ተቀበሉኝ። «ጥጢቱ መጣች!» አሉና ሳልቀመጥ ትኩስ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና በርበሬ የበዛበት የፓፓያ ሰላጣ አቀረቡልኝ።

«በልቻለሁ፣ እማማ።»

«መቼ? በአውቶቡስ ላይ? ብዪ እንጂ።»

«ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ።»

«ከቻባ ጋር ተኮራርፈሽ ነው እንዴ የመጣሽው? ብዪ ብያለሁ!»

በሦስተኛው በላሁ። እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ለይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ጋባዡ በሦስተኛው ካልለመነ አልጋበዘም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ።

እማማ ቡንማ ስበላ እያዩኝ ያወራሉ። «ዘንድሮ እንኳን አብራኝ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ እጁን ታጥቦ ሲጠብቃት፣ ውኃውን ሳታፈስለት ‹ትል ቤት ችግር አለ› ብላ በአውቶቡስ በረረች። ‹በሚቀጥለው ዓመት ታፈስልኛለች› አለ። ክረምቱን አላለፈም፣ ነፍሱን ይማር።»

የያዝኩትን ዓሣ ወደ ሳህኑ መለስኩት። ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቻባ ከቤቱ ጀርባ ሰፌዶቿን ስታበላ አገኘኋት። ከስታለች፣ ጸጉሯን አሳጥራዋለች። ስታየኝ ሳቀች።

«ዶክተር ጥጥ! ፈተናሽ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት። ፒ ቻባ... ስለ ሦስተኛው ቀን ይጠይቁኛል። ቅጠሉ ለምን ተቀየረ ብለው።»

በእጇ የያዘችውን ቅጠል ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች። «ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። የተቆጣች አትመስልም። ይልቁንም ደስ ያላት ትመስላለች፤ ያ ነው ይበልጥ ያመመኝ። «ነይ፣ ተቀመጪ። ትል ሲሞቀው ምን ያደርጋል?»

«ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ይወጣል፣ ራሱን ያነሳል።»

«የሚወጣው ተስፋ የቆረጠው ነው። እናቴ ‹መነኮሰ› ነው የምትለው፣ ያ ከእንግዲህ አይበላም። ጥቂቱ ግን አይወጣም፤ ቅጠሉ ሥር ይገባል። ገና ይርበዋል ማለት ነው። እኔ ስደርስ ብዙው ወጥቶ ሞቷል። ሥር የገቡትን ከየሰፌዱ ለቅሜ አራተኛው ላይ ሰበሰብኳቸው። ጉሎ ደግሞ ሲጠወልግ ይጠቀለልና ያፍናቸዋል። የካሳቫ ቅጠል ጣቱ ክፍት ነው፣ ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስም ያሳልፋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካሳቫ ቆርጬ አለበስኳቸው። ይኸው ነው።»

«መዝገቡ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?»

«አንቺ የማታውቂውን ነገር በአንቺ ስም ብጽፍ፣ አጃን ቢጠይቁሽ ምን ትያቸው ነበር?»

ያን ጊዜም ለእኔ ነበር የተጠነቀቀችው።

ከሰዓት በኋላ እማማ ቡንማ የጃስሚን አበባ የተነከረበት ውኃ በሳህን አቀረቡ። ተንበርክኬ እጃቸው ላይ አፈሰስኩ፣ መረቁኝ። ቀጥለው «ለቻባም አፍስሺላት፣ አስተማሪሽ አይደለች?» አሉ። ቻባ «ኧረ እማዬ፣ አላረጀሁም» ብላ እጇን ሸሸገች። እናቷ ግን ይዘው ዘረጉት። ውኃውን እያፈሰስኩ ሁሉም የሚለውን አልኩ።

«በማወቅም ባለማወቅም፣ በእጄም በአፌም በሐሳቤም ለበደልኩሽ ይቅር በይኝ።»

ቻባ መዳፏ ላይ ያለውን ውኃ አየችው። «ባለማወቅ የቱ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

አለቀስኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፒክአፗን፣ ውሸቴን፣ ዝምታዬን፣ ወንበሯን። እማማ ቡንማ ሰፌድ ላይ እህል እንደሚለቅም ሰው ራሳቸውን አቀርቅረው ሰሙ። «ለአጃን እናገራለሁ፣ ፒ ቻባ። ፈተናው ላይ እናገራለሁ» አልኩ።

«ምን ብለሽ? አጃን እኮ ያኔ ለብቻዬ ጠርተውኛል። ‹ወንበሯን ላንቺ ነበር ያሰብኳት፤ ይሄ ሥራ በእርግጥ የፋይ ነው?› አሉኝ። ‹የሷ ነው፣ ከኔ ትበልጣለች› አልኳቸው። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። አሁን ዋሾ ልታደርጊኝ ነው?»

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እውነቱን ብናገር አንቺን ያባርሩሽ ነበር፣ መዝገብ አስመስላ ጻፈች ብለው እኔንም። ደግሞ...» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንዴ ከሸፈንኩሽ በኋላ እንዴት ብዬ ልግለጥሽ። ተይው ፋይ። ምን ያደርጋል።»

አንድ ጊዜ ነው «ተይው» ያለችው። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

እማማ ቡንማ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። ሊለዩኝ ሲሉ ክንዴን ያዙ። «እሷ ተይው ትላለች። እሷ እንዲሁ ናት። አንቺ የነበረውን ሁሉ ዘርግፊ አልልሽም፤ እንጀራችሁን አላቋርጥም። ስሟን ግን አንዴ ጥሪው። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ፊት አንዴ ብቻ።»

«እሺ እማማ» አልኩ። ከልቤ ነበር። በአውቶቡሱ ላይ ሆኜ ዓረፍተ ነገሩን ስለማመደው ሄድኩ፦ «ይህን ያስተማረችኝ ቻባ ናት።» አምስት ቃል አይሞላም።

የፈተናው ክፍል በማቀዝቀዣው ብዛት ይበርዳል። አጃን ዊራት ነጭ ጸጉር ያላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ስለ ቁጥሮቼ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሦስተኛው ቀን» አሉ። «ቅጠሉን ለምን ቀየርሽው?»

ቻባ እንደነገረችኝ ነገርኳቸው። የሚወጣውንና ሥር የሚገባውን፣ የሚጠቀለለውን ጉሎና ጣቱ የተከፈተውን ካሳቫ፣ «መነኮሰ» የሚለውን ቃል እንኳ ሳልተው። ሦስቱም መርማሪዎች መጻፍ አቁመው ሰሙኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ሰው ያን ቀን እኔን አላየም፤ ደምቄ ነበር።

«ድንቅ ነው» አሉ አጃን ዊራት። «ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም። ማስተርስ ሠርተው ከሚመጡት ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው አላገኘሁም። ከማን ተማርሽው?»

እንዲህ በቀላሉ ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። አጃን ሱራንግን አየሁ፤ እርሳሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ስሟን ብጠራ «መቼ ነገረችሽ?» ይላሉ፤ ከዚያ «እሷስ ያን ጊዜ የት ነበረች?»፤ ከዚያ መዝገቡን ይከፍቱና ፊደሉን ያያሉ። ቻባንም አጠፋታለሁ፣ ዋሾ አታድርጊኝ ብላኛለች፣ አልኩ በሆዴ። ለእሷ አዝኜ እንዳልሆነ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። የፈራሁት ለወንበሯ ነው።

«ከመንደር ሴቶች» አልኩ።

«መልካም። ተመራማሪ እንዲህ ጆሮ ሲኖረው ነው» ብለው ጻፉ።

አለፍኩ። መርማሪዎቹ ሲወጡ አጃን ሱራንግ ወደ ኋላ ቀርተው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ያኔ ቻባ ‹ከኔ ትበልጣለች› ስትለኝ ለታናሿ አድልታ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እውነቷን ኖሯል። ደውለሽ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።»

ደጅ ወጥቼ ዛፍ ሥር ቆሜ ደወልኩላት። ወዲያው አነሳችው፣ ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«አውቄዋለሁ! ሦስተኛውን ቀን ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ። የነገርሽኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ድንቅ ነው፣ መጽሐፍ ላይ የለም አሉ።»

«መጽሐፍ ላይ የለም አሉ?» ብላ ደገመችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበር። ከዚያ፣ ግድ እንደሌለው ሰው፣ «ከማን ሰማሽው አላሉሽም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። «ተይው» ያለችኝ የመጀመሪያው እምቢታ ነበር፣ የይሉኝታው። ሁለተኛና ሦስተኛ እንድለምናት ጠብቃለች። ለዓሣና ለሩዝ ሦስት ጊዜ የተለመንኩ ሰው ለስሟ አንዴ ብቻ ጠይቄ ተውኩት፤ የተውኩትም ስለተመቸኝ ነው።

«ብለውኛል» አልኩ።

«እና ምን አልሽ?»

«ከመንደር ሴቶች አልኩ።»

ትሎቹ ቅጠል ሲበሉ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ።

«ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «የመንደር ሴቶች ነና።»

ከጀርባዋ የእማማ ቡንማ ድምፅ መጣ። «ፋይ ናት? አለፈች? ስምሽን ጠራችው?»

ቻባ አፏን ከስልኩ አራቀች፤ እኔ ግን ሰማኋት።

«ጠርታዋለች፣ እማዬ። ሁሉም ፊት ጠርታዋለች።»

ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ «በርቺ፣ ኖንግ» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።